የሚያዳምጥ መዝሙር

«ቁረጪው» አለ ቃልአብ፤ ጣቱ ላይ የቺፕስ ዘይት ስላለ በክርኑ ወደ ላፕቶፑ እየጠቆመ። «እዚህም ጋ ቃሉ ጠፍቶባታል። ሰማሽ? ጭጭ። ስልክ የተዘጋባት ነው የሚመስለው።»

ኤዶም የጆሮ ማዳመጫዋን አስተካክላ እንደገና አደመጠች። የእትዬ ዓለምወርቅ ድምፅ በስልክ የተቀዳ ነው፤ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ የሚዘምር ሰው ይመስላል። አንድ አንጓ ይዘምራሉ፣ ከዚያ ዝም። የሚሰማው የወጥ ቤታቸው ማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ብቻ ነው። አድማጩ «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ስልኩን ሊመለከት ሲል፣ ቀጣዩ አንጓ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። መዝሙሩ እንደዚህ ያለ ቀዳዳ በየቦታው አለው።

«አርጅታለች እኮ» አለች ኤዶም። «እስክታስታውስ ነው መሰለኝ።»

ቀዳዳውን መርጣ ሰረዘችው። ሁለቱ አንጓዎች ተጋጠሙ። ቃልአብ «ለከር!» አለ፤ ይህ ቃል ሆላንድ አገር ለጥሩ ምግብ፣ ለጥሩ እንቅልፍና ለጥሩ ከበሮ እኩል ያገለግላል።

ኤዶም አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቃልአብ በአንድ ዓመት ይበልጣታል፤ እንዳትረሳውም ያስታውሳታል። ሁለቱም ያደጉት ከዴን ሃግ፣ ከሄግ ከተማ፣ አጠገብ ባለችው ራይስዋይክ ነው፤ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወጣት መዘምራኑን እሷ ትመራለች፣ እሱ ኪቦርድ ይጫወታል። ቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ሕንፃ የላትም። ዴን ሃግ ውስጥ ከሆላንዳውያን ምእመናን አዳራሽ ትከራያለች፤ እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እነዚህ ከሰዓት ይገባሉ። ማሞቂያው ግን ከጠዋቶቹ ጋር አብሮ ይወጣል።

ነገሩ የተጀመረው ኤዶም ትምህርት ቤት ነው። የሙዚቃ መምህርቷ አምስተርዳም ውስጥ አንድ ምሽት እንደሚዘጋጅ ነገረቻት። በጦርነትና በጭቆና መካከል የተፈጠሩ ሥራዎች የሚቀርቡበት ምሽት ነው፤ ከሶርያ፣ ከዩክሬን፣ ከየቦታው ሰው ይመጣል። «ከእናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ዘፈን አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ኤዶም እናቷን ጠየቀች። እናቷ ኤልሳቤጥም ሳታስብ መለሰች፦ «እትዬ ዓለምወርቅ አሉ አይደል! በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ በየቤቱ በድብቅ ሲመለክ መዝሙር የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ።»

ኤዶም ደርግን የምታውቀው አባቷ የትራም ትኬት ተቆጣጣሪዎችን በዚያ ስም ሲጠሩ ነው። ቢሆንም ስልኳን ይዛ ሄደች፤ እትዬ ዓለምወርቅም ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብለው ዘመሩላት።

ኤዶም ሌላም ጉዳይ ነበረባት። ዴን ሃግ ውስጥ ጎበዝ ታዳጊዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ለመግባት በሕዝብ ፊት ስትዘምሪ የተቀረጸ ቪዲዮ ይላካል፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ በአምስተርዳሙ ምሽት ማግስት ነው። መምህርቷ ነገሩን አላድበሰበሰችም። «ታችኛው ድምፅሽ እንደማንም ነው» አለቻት። «ላይኛውን ነው መስማት ያለባቸው።»

ስለዚህ ኤዶም ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ሁሉ ሰርዛ ትልቁን፣ የመጀመሪያውን፣ ለራሷ አስቀረችው። እዚያ ላይ የቃልአብ ከበሮ ከኪቦርዱ ይፈነዳል፣ የእሷ ድምፅ ደግሞ ከታች ተነስቶ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ጣሪያው ጋ ይቆማል። እውነት ለመናገር፣ ሲሰሙት ያምራል።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ እትዬ ዓለምወርቅ ሊሰሙ መጡ። ጋሽ ኪዳነም አብረዋቸው ነበሩ። ጋሽ ኪዳነ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው። አሁን ጡረተኛ ናቸው። ከሮተርዳም ማዶ፣ ከሆግቭሊት ድረስ በሜትሮና በባቡር ሲመጡ መንገድ ላይ የተበደሉትን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱን ሳያራግፉ አይቀመጡም። ሁለቱ አዛውንቶች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

መዘምራኑ ዘመሩ። የኤዶም ድምፅ ጣሪያው ጋ ደረሰ። ሲያልቅ መዘምራኑ ለራሳቸው አጨበጨቡ።

«ቆንጆ ነው» አሉ እትዬ ዓለምወርቅ። «የማን መዝሙር ነው?»

ቃልአብ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ስለሌለ ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው።

«ያንቺ ነው እኮ!» አለች ኤዶም።

«የእርስዎ!» የሚል ድምፅ ከአዳራሹ ወጥ ቤት መጣ። ኤልሳቤጥ ኩባያ እያጠበችም ቢሆን ይህ ነገር አያመልጣትም።

«የእርስዎ» አለች ኤዶም።

«የእኔ?» አሉ እትዬ ዓለምወርቅ፤ እንደ ማሰብ አሉ። «ቃሉስ የእኔ ነው።»

ኤዶምን ግን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። ያን ከፍተኛ ድምፅ ስታወጣ ሰው ሁሉ እሷን ነው ያየው። ጋሽ ኪዳነ ግን አላዩአትም። ልክ እዚያ ቦታ ላይ አንገታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር።

«ጋሽ ኪዳነ፣ ሰው እየጠበቅክ… እየጠበቁ ነበር?»

«እኔ?» አሉ እሳቸው እንደ ማፈር ብለው። «አይ፣ አንገቴ ነው። ያን ስንኝ ሲሰማ ራሱ ይዞራል።»

«ያኔ በር ላይ የሚጠብቀን እሱ ነበር» አሉ እትዬ ዓለምወርቅ። «እኛ እዚያ ላይ ዝም እንላለን፣ እሱ ይሰማል። አንቺ ግን ከበሮ አስገባሽበት። እንዴት አድርጎ ይስማ?»

ኤሊ፣ የመዘምራኑ ምላሰኛ፣ ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ይህ በየጊዜው የሚሆን ነገር አይደለም።

እትዬ ዓለምወርቅ እንደ አየር ሁኔታ ዘገባ ነው የተረኩት። በዚያን ጊዜ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን ዘግቶ ነበር። ከጥቂት ሰው በላይ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ከተገኘ ጥያቄ አለ፤ እየዘመረ ከተገኘ ደግሞ መልሱን የሚጠብቅም የለም። የቀበሌ ሰዎች ማታ ማታ በየአጥሩ ጥግ ይዞራሉ። እነሱም መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር።

«ጽጌ የምትባል ጓደኛ ነበረችን» አሉ ወደ ኤዶም ዞረው። «ድምፅዋ እንዳንቺ ጣሪያ የሚነቅል ነው። አንድ ቀን በዓል ነበርና ልጅቷ ደስ አላት፤ ለቀቀችው። የግቢው በር ሲከፈት ማናችንም አልሰማንም። ዓይናችንን ስንገልጥ የቀበሌ ሰዎቹ ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል። መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቁን። ጨዋዎች ነበሩ።»

«ከዚያስ?» አለች ኤሊ።

«ከዚያማ ወሰዱን። እኛን ቶሎ ለቀቁን፣ ጽጌን አቆዩአት። ስትመለስ አስተማሪነቷን ተቀምታለች። ዘፈን ግን አልቀሟትም፤ በረንዳዋ ላይ እያንጎራጎረች ልብስ ትሰፋ ነበር።»

«እና መዝሙር መድረሱን ተውሽው?» አለች ኤዶም። ከወጥ ቤቱ ‹ተዉት› የሚል እርማት አልመጣም፤ ኤልሳቤጥም ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለምን እተዋለሁ?» እትዬ ዓለምወርቅ ከልባቸው ገረማቸው። «የሚያዳምጥ መዝሙር ሠራሁ እንጂ። ዘምረን ዘምረን ዝም የምንልበት። ሰው ካለ ይሰማል። ከሌለ እንቀጥላለን።»

«ኣንቲ፣ ሙሉውን ንገሪያቸው!» አሉ ጋሽ ኪዳነ፤ ትዕግሥታቸው አልቆ ትግርኛቸው አመለጣቸው። «ልጆች ስሙ። እኔ በር ላይ ያለሁት ሰውዬ፣ ዝምታው ትንሽ ይርዘምልኝ ብዬ ለመንኳት። ግቢው ሰፊ ነው፣ እግር እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ምን አለችኝ? ‹ዜማው ይሞታል› አለችኝ! እኛ ልንታሰር ነው፣ እሷ ዜማው ይሞታል ትላለች!»

«ይሞት ነበራ!»

«እስር ቤት ብንገባስ?»

«መጥፎ መዝሙር እየዘመርን ከምንታሰር…» እትዬ ዓለምወርቅ ዓረፍተ ነገሩን ሊጨርሱ አሰቡና ተዉት። ጋሽ ኪዳነ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

«ታረቃችሁ?» አለ ቃልአብ።

«አልታረቅንም» አሉ ጋሽ ኪዳነ። «እሷ አሸነፈች። የበሩን ማጠፊያ በዘይት አጠብኩና ጆሮዬን አሳልኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ማጠብ ሳይሆን መቀባት ነው የሚባለው» አሉ እትዬ ዓለምወርቅ።

«ያው ነው። በሩ አልጮኸም።»

ኤዶም ላፕቶፕዋን አየች። መዝሙሩ እዚያ አለ፤ ልሙጥ፣ ቀዳዳ የሌለው። እነዚያን ዝምታዎች አንድ በአንድ መርጣ የሰረዘቻቸው እሷ ነች፤ አሮጊቷ የረሱ መስሏት።

ማታ ላይ ኤልሳቤጥ «እትዬን ሸኚያቸው» አለቻት፤ ባትልም ትሸኛቸው ነበር። ትራሙ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቷል፣ መስኮቶቹ በዝናብ ተሸፍነዋል። እትዬ ዓለምወርቅ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ኤዶም ጎናቸው ሆና «እንደገና ዘምሪልኝ» አለች፤ ከዚያም «ይዘምሩልኝ» ብላ አረመች።

«እዚህ?»

«ማንም አይሰማም።»

ሴትየዋ በዚህ ነገር ሳቁ። ከዚያ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያላውሱ ጀመሩ፦

«ደጄ ቢዘጋም፣ መስኮቴ ቢጨልም፣
አንተን የሚከለክል ቁልፍ የለም…»

ኤዶም በዚህ ሁሉ ሳምንት ይህን መዝሙር ስትሰማ ኖራ አሁን ገና ሰማችው። ዜማው ወደ ታች የሚሄደው የደከመ ሰው ስለዘመረው አይደለም። ዝቅ ብሎ የሚሄደው ዝቅ ብሎም እንዲያምር ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ ሹክሹክታ የሚሸከመውን ያህል ብቻ ተጭኖበታል፣ ከዚያ አንዲት ነገር አልተጨመረም። «የለም» ላይ ደግሞ አፍ ይዘጋል። ክፍሉ ውስጥ ሲንሳፈፍ የሚቀር ድምፅ የለም፤ ሰው በሩን ቢከፍት የተቀመጡ ሰዎችን እንጂ መዝሙር አያገኝም። ቢሆንም ዜማው አላለቀም። አየር ላይ እግሩን አንስቶ እንደቆመ ነው፤ ቀጣዩን አንጓ ሳይሰሙ መሄድ አይቻልም። ፈርቶ ዝም ያለ ሰው፣ ዝም ባለበት ቦታ ናፍቆት ያስቀምጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ትራሙ አንድ ፌርማታ ቆሞ ሄደ። እትዬ ዓለምወርቅ ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን አንጓ የጀመሩት።

«ዝምታው ላይ ስንት ነው የምቆጥረው?» አለች ኤዶም ሲጨርሱ።

«አይቆጠርም።»

«እና መቼ እንደምገባ በምን አውቃለሁ?»

«እስክታረጋግጪ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰው አለመኖሩን ነዋ።»

ኤዶም ያን ጊዜ ስለ ቪዲዮው ነገረቻቸው። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ላይኛው ድምፅዋ፣ ዝምታው ተመልሶ ከገባ ለዳኞቹ የምትልከው ነገር እንደማይኖራት። ስትናገር «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ተደባለቀባት። «ምን ላድርግ?» አለች በመጨረሻ። «ተዪው ብትዪኝ እተወዋለሁ።»

እትዬ ዓለምወርቅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «አልልሽም። ጽጌ ብትሆን ያንቺን ነበር የምትወደው፤ ያን ጣሪያውን። እኔ ይሄን የሠራሁት ለፈራ ሰው ነው። አንቺ ምን አስፈራሽ? ነፃ አገር ነው፣ ጩኺ።» ተነሱና ብረቱን ያዙ። «ግን እኔን ፈልገሽ ከሆነ፣ እኔ ያለሁት እዚያ ዝም ያልኩት ጋ ነው። ቃሉንማ ማንም ይጽፈዋል።»

ትራሙ ቆመ። እትዬ ዓለምወርቅ ወረዱ። ጃንጥላቸውን ሲከፍቱ ኤዶም በመስኮቱ አየቻቸው።

በቀጣዩ ልምምድ ጠብ ተነሳ። ኤሊ ነገሩ ገብቷታል፤ የገባት ሰው ግን ይስማማል ማለት አይደለም። «ታሪኩ ኤኽት፣ የምር፣ ያስለቅሳል» አለች። «ግን ሆላንዶች ዝም ካልን ያለቀ መስሏቸው ያጨበጭባሉ። እኛ እዚያ ቆመን እንደ ፍላሚንጎ! ዱ ኖርማል፣ እንደ ሰው ሁኚ፣ ኤዶም።»

«የኔ ከበሮስ?» አለ ቃልአብ። «ስንት ቀን ነው የሠራሁት።»

«ትንንሾቹን ዝምታዎች እንመልሳቸዋለን» አለች ኤዶም። «ትልቁ ላይ… እጄን ካነሳሁ ከበሮው ይገባል፣ እኔም እወጣለሁ። ካላነሳሁ ሁላችንም ዝም።»

«እና መቼ ነው የምትወስኚው?»

«እዚያ።»

«መድረክ ላይ?! ዓለምወርቅ እንኳን በደርግ ጊዜ ዕቅድ ነበራት» አለ ቃልአብ። ቢሆንም ሁለቱንም ተለማመዱ።

የአምስተርዳሙ አዳራሽ ድሮ መጋዘን የነበረ ነው፤ አሁንም መጋዘን መሆኑን አልረሳም፣ ይበርዳል። ከመድረኩ ጀርባ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አንዲት የዩክሬን ወጣት መብራት በጠፋበት ምድር ቤት ውስጥ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ የሣለቻቸውን ፊቶች ግድግዳ ላይ እየሰቀለች ነበር። አንዱ በጣም ትንሽ ተጣሞባት ሦስት ጊዜ አወረደችው። አንድ ሶርያዊ ሽማግሌ ደግሞ ዑድ የሚባለውን የአረብ ክራራቸውን ይቃኛሉ። የዑዱ ሆድ ተሰንጥቆ በዘይት ቆርቆሮ ተጠግኗል፤ ከጽሑፉ ግማሹ እስካሁን ይነበባል። የመብራት ሠራተኛውን ጠርተው ከጣሪያው የሚመጣው «ዝዝዝ» ከክሩ ድምፅ ጋር አይስማማም፣ አጥፋልኝ ብለው ተከራከሩት። እኚህ ሰው ከተማቸው ሲደበደብ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ጩኸት ያላሸነፋቸው ሰውዬ በአንዲት አምፖል ተናደዱ።

ኤዶም ስታያቸው አንድ ነገር ገባት፤ በቃላት ግን ልታስቀምጠው አልሞከረችም። ዜማው ይሞታል ያለችው ልጅ ታየቻት። እትዬ ዓለምወርቅን እንደዚያ አስባ አታውቅም፤ እንደ ልጅ፣ እንደ እሷ እልኸኛ።

ተጠሩ። መድረኩ ላይ ሲወጡ እናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስልኳን አንስታ፣ ሁለት ክርኗን ደረቷ ላይ አስደግፋ ነበር። እትዬ ዓለምወርቅና ጋሽ ኪዳነ ከጎኗ ናቸው። ቃልአብ ኪቦርዱ ጋ ሆኖ ጣቱን የከበሮው ቁልፍ ላይ አስቀምጦ የኤዶምን ቀኝ እጅ ብቻ ነው የሚያየው።

ዝቅ አድርገው ጀመሩ። ሹክሹክታው አዳራሹን ሞላው፤ ከኋላ የነበሩት ሰዎች ለመስማት ሲሉ ወንበራቸው ጫፍ ላይ መጡ። ያ የሚወጣው ድምፅ ደረቷ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ኤዶም ይሰማታል። ዛሬ የት እንደሚደርስም ታውቃለች፤ በልምምድ ከደረሰበት ሁሉ በላይ።

«…ቁልፍ የለም።»

አፏን ዘጋች። እጇ ጎኗ ላይ እንዳለ ነው። ቃልአብ ጠበቀ። ጠበቀና ጣቱን ከቁልፉ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

ማንም አላጨበጨበም። ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ይነካካል፣ ከውጭ ደወሉን እያቃጨለ ብስክሌት አለፈ። ኤዶም አሁን መግባት ይቻላል ብላ አየር ሳበች።

የኋላው በር ተከፈተ።

እርጥብ ጫማ ወለሉ ላይ እየተንጫጫ መጣ። አጠገቧ የቆመችው ኤሊ ትከሻዋን ስትገትር ለኤዶም ተሰማት። አንድ ረጅም ሰውዬ በጨለማው ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ ዝናብ ከካፖርቱ እየተንጠባጠበ፣ ወንበር ይፈልጋል። «ሶሪ» አለ። ሰዎች ተነሱለት። «ሶሪ፣ ሶሪ።» ካፖርቱን አወለቀ፤ የሚያስቀምጥበት አጣ፤ ጭኑ ላይ አደረገው። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። አሁንም ሲጢጥ አለ።

ኤልሳቤጥ ስልኩን አላወረደችም። ስልኩ የሚቀርጸው አፏን የዘጋች ልጅ ነው፤ ነገም የሚላከው እሱ ነው።

ኤዶም አልቸኮለችም። ሰውየው ጫማውን ወደ ወንበሩ ሥር እስኪሰበስብ ጠበቀች፤ ወንበሩ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያም ትንሽ ቆየች፤ ምንም አልነበረም፣ ዝናቡ ብቻ። ሰው እንደሌለ ስታረጋግጥ ሁለተኛውን አንጓ፣ ከታች፣ ጀመረች።